የ«ትኩስ አፈር» ካሴት

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ከምሠራበት ፋርማሲ ስድስት ሰዓት ላይ ወጣሁ። ዝናብ... ጫማዬ ጭቃ ብቻ። እማዬ ጸሎት ሄዳለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ አሥር ሰዓት አትመለስም። ስለዚህ ወንድሜ ሚክያስና ሆሴዕ የጓሮዋ ክፍል ውስጥ ናቸው። ሆሴዕ ከበሮ ሊመታ ከአንጋጫ ድረስ ይመጣል። ግድግዳው ላይ ፍራሽ አቁመዋል፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ደፍነዋል። እኔ በር ጠባቂ!

ባንዱ እነሱ ሁለቱ ናቸው፤ ሌላ ሰው የለም። ስሙ «ትኩስ አፈር»። ዴዝ ሜታል የሚሉት፣ እንደ አውሬ እያጓሩ የሚዘፍኑት ሙዚቃ፣ ያውም የድሮው ዓይነት። በኮምፒውተር ማሳመር የለም፤ ከተሳሳቱ እንደገና ከመጀመሪያው። ሚክያስ ሲያጓራ እስካሁን አልለመድኩትም፣ ይሰቀጥጠኛል። ይሄ ሰውዬ እኮ የቤተ ክርስቲያናችን የ«ለ» መዘምራን ሶሎ ዘማሪ ነው። ነገ በዚሁ አፉ እናቶችን ያስለቅሳል።

አንዴ ለምን ይሄን መረጥክ ብዬው ነበር። «አባዬን ስንቀብር አፈሩ ሳጥኑ ላይ ሲወድቅ ሰምተሽ የለ? እሱን ድምፅ ነው የምፈልገው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅሁትም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ዛሬ ጉድ ሠራሁ። እማዬ የመጣች መስሎኝ ሮጬ ገባሁ፤ ለካ እየቀዱ ነው። ሚኪ ሳቀና «ጵርስቅ፣ በሩን ዝጊው፣ እማዬ እንዳትሰማ» አለኝ። ተቀዳ። ስድስተኛው ዘፈን መጀመሪያ ላይ።

ቁረጠው አልኩት። ስሜ አለበት፣ የሱም ድምፅ ቁልጭ ብሎ ይታወቃል። ፔሩ የሚኖር አንድ ሰው ስድሳ ካሴት አትምላችኋለሁ ብሏቸዋል። ስድሳውም እዚያ ይቅር እንጂ አንዱ እዚህ ቢደርስስ? ከመዘምራን ይታገዳል። እማዬ ደግሞ... እማዬን ማሰብ አልፈልግም።

«እሺ፣ እቆርጠዋለሁ» አለ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

አልበሙ አለቀ። ስምንት ዘፈን፣ ትናንት ወደ ፔሩ ላኩት። ሚኪ ድምፁ ሻክሯል። ከማጓራቱ ነው አልኩት። «ከሆድ ነው የማወጣው፣ ጉሮሮ አይነካም» ይላል። ሊያስተምረኝ! የሚጉመጠመጥበት መድኃኒት አመጣሁለት።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 13

ሶሎው ላይ ከፍ የሚለው ቦታ ሲደርስ ድምፁ ተሰነጠቀ። እንደገና ሞከረ። አየር ብቻ ወጣ። ሕዝቡ አጨብጭቦ ሸፈነለት፤ የመዘምራኑ መሪ አጵሎስ ግን የገናውን ሶሎ ለሌላ ልጅ ሰጠው። «እረፍ ወንድሜ» አለው፣ በፍቅር ነው ያለው።

አርብ፣ ታኅሣሥ 25

የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ተያዘለት። የጸሎት እናቶች ቤት መጡ። ጉሮሮው ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩ። አንዷ «ልጄ፣ የደበቅከው ነገር አለ?» አለችው። አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ሲወጡ «ድምፄን ለሁለት ከፈልኩት፣ ጵርስቅ። ጌታ እየወሰደብኝ ነው» አለኝ። ለፔሩው ሰውዬ አታትም ብሎ ጽፎለታል፤ መልስ የለም። ዝም በል፣ ትንሽ ካረፍክ ይመለሳል አልኩት። ያው ከጩኸቱ ነው... ሁለተኛ ዙር አንቲባዮቲክ ሰጠሁት።

ረቡዕ፣ ጥር 14

ማጓራቱን ከተወ ወር አለፈው። ታዲያ ለምን አይመለስም?

ሰኞ፣ የካቲት 3

አንዲት እናት ከአዲሎ መጥታ የሳል ሽሮፕ ጠየቀችኝ። ስንት ጊዜ ሆነሽ? አልኳት። ወር ሆነኝ አለች። «ከሦስት ሳምንት ካለፈማ ሐኪም ይይሽ እንጂ» አልኳት እንደ ልማዴ። በቀን አሥር ጊዜ የምለው ነገር ነው።

ሽሮፑን እንደያዝኩ ቀረሁ። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር... ለሰው ሁሉ ስቆጥር ለወንድሜ አልቆጠርኩም። ምክንያቱን የማውቅ መስሎኝ! ምስጢሩን ስለማውቅ ማጓራቱን እንደ ምርመራ ውጤት ቆጠርኩት።

ቤት ስገባ መሐረቡን ደበቀኝ። ነጥቄ አየሁት። ደም።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

አዲስ አበባ። ዶክተሩ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫው አስገብቶ አየ፤ የቆረጠው ናሙና ውጤት ዛሬ መጣ። ካንሰር። የድምፅ ሣጥኑ በሙሉ ይወጣል አለ። እማዬ «ድምፁስ?» አለችው። እስክሪብቶውን አየ።

እኔ ተከትዬው ወጣሁ። ማጓራቱን ነገርኩት፣ ሁሉንም። «ጩኸት ይሄን አያመጣም» አለኝ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሻከረው?» ከኅዳር። «እስካሁን ምን ትጠብቁ ነበር?»

የባንዱን ነገር ለእማዬም ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚኪ አሁን ሹክሹክታ ብቻ ነው ያለው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

ካሴቱ መጣ። ሁለት ፍሬ፣ በፖስታ። ሰውዬው ለካ ደብዳቤው ሳይደርሰው አትሞ ጨርሷል። ሚኪ በቀዶ ጥገናው አንገቱ ላይ የተከፈተለትን መተንፈሻ ቀዳዳ በሻርፕ ሸፍኖ ተቀምጧል። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ «ጣይው» ብሎ ጻፈልኝ። እምቢ አልኩ።

እማዬ ዛሬ ጸሎት አልሄደችም። የአባዬን ቴፕ ራሷ አውጥታ አቧራውን ጠረገችው። «ክፈቺው፣ እኔም ልስማ» አለች።

ከፈትኩት። ነጠላዋን ጨምድዳ ይዛ ሰማች። ይዘጋ ትላለች ብዬ ስጠብቅ ሦስተኛው ዘፈን ላይ «አፈር ነው የሚመስለው... አባታችሁን ስንቀብር እንደነበረው» አለች። ሚኪ ቀና ብሎ አያት። ማንም አልነገራትም።

ካሴቱን ገለበጥኩት። ስድስተኛው ዘፈን። መጀመሪያ ሳቅ። ከዚያ፦ «ጵርስቅ፣ በሩን ዝጊው፣ እማዬ እንዳትሰማ።»

አልቆረጠውም!

መዝሙሮቹ በሰው ስልክ ሁሉ አሉ። ሲያወራ ግን? ቤት ውስጥ ሲያወራ ማን ይቀዳል? እኔ ነኝ ቁረጠው ያልኩት።

«መልሺው» አለች እማዬ። መለስኩት። «መልሺው።» ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ጎረቤት በግቢው ሲያልፍ ቆም ብሎ አየን። በሩ ወለል ብሎ ክፍት ነበር። ማናችንም አልዘጋነውም።