ለግራ እጅ የተሰራው የመጨረሻው ቤዝ

ይድረስ ለአባቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ ደረጃ ያስወጣዎት ጀመር? ዐይንዎን የታከሙት እንዴት ሆነ፣ ጋዜጣውን ራስዎ ያነባሉ ወይስ አሁንም ወንድሜን አስቀምጠው ጮክ ብሎ እንዲያነብልዎ ያደርጋሉ? እማዬስ ደህና ናት? ወገቧን ተሻላት? አክስቴስ ከኋላ ክፍሏ ወጣ እያለች ፀሐይ ትሞቃለች? የሁላችሁንም ጤና ከልቤ እመኛለሁ፣ ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም። እኔን ከጠየቁኝ ደህና ነኝ። ግን አልጠየቁኝም። ከሦስት ዓመት ዝምታ በኋላ የላኩልኝ ደብዳቤ ስለ ቤዝ ጊታር ሠላሳ አንድ መስመር አለው፤ ስለ እኔ ያለው ደህና እንደሆንሽ እናምናለን የሚል ግማሽ መስመር ነው። ቆጥሬዋለሁ። እምነትዎን አላፈርስብዎትም፣ ደህና ነኝ።

ትዕዛዝዎን በትክክል መረዳቴን እንዲያውቁ መልሼ ልበልልዎ። የጃፓኑ ፋብሪካ እርስዎ ዕድሜ ልክዎን የተጫወቱበትን ያንን የቤዝ ዓይነት መስራት ሊያቆም ነው። የእርስዎ ቤዝ እርጥበት በበላው ዕቃ ቤት ተኝቶ አንገቱ ተጣሟል፣ ጠጋኙም ከእንግዲህ አይቃናም ብሎዎታል። የድሮ ባንድዎ ደግሞ ከአስራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ተሰባስቦ በሚመጣው ወር በዚያው በድሮው ሆቴል አዳራሽ ሊጫወት ነው፤ እርስዎም በሌላ ቤዝ መድረክ አልወጣም ብለው ለጓደኞችዎ ምለዋል። ስለዚህ ዕቃው ከጃፓን መጥቶ በሚራገፍበት መጋዘን የምሰራው እኔ ልጅዎ፣ ሳያልቅ ሁለት ልገዛልዎ ይገባል። አንዱ ለመድረክ፣ አንዱ ለመጠባበቂያ። ይኸው ነው አይደል?

ስራዬ ምን እንደሆነ ጠይቀውኝ ስለማያውቁ እሱንም ልንገርዎ። ካርቶን እከፍታለሁ። ቤዙን አውጥቼ አንገቱን ወደ መብራቱ አቅንቼ በአንድ ዐይኔ አያለሁ፣ ክሮቹን እቃኛለሁ፣ አራቱንም አንድ አንድ ጊዜ መትቼ እሰማለሁ፣ ማኅተም አድርጌ መልሼ እዘጋለሁ። በቀን እስከ ሃያ ቤዝ በእጄ ያልፋል። ከአራቱ ድምፅ ሌላ አምስተኛ አውጥቼ አላውቅም። አብረውኝ የሚሰሩት ይህች ሴት መጫወት አትችልም ይላሉ፣ እኔም አላረምኳቸውም። እርስዎ የመሰከሩብኝን እኔ ምን ብዬ አስተባብላለሁ።

የመጨረሻው ጭነት የገባው ባለፈው ወር ነው፤ አስራ ሁለት ቤዝ ብቻ። የመጋዘን ኃላፊያችን ሲጮህ ስለሚውል ስሙን ጸጥታ ብለነዋል። እሱ ሰብስቦን ደንቡን ነገረን። አንድ ዕቃ ከፋብሪካ ሊቋረጥ ሲል፣ ካርቶኖቹ ወደ ሱቆች ከመሄዳቸው በፊት እያንዳንዱ ሰራተኛ አንድ የመግዛት መብት አለው። የመረጠው ካርቶን ላይ ቀይ ፕላስተር ይለጥፍና ስሙን ይጽፍበታል፣ በቃ የእሱ ነው። አንድ ለአንድ ሰው። እርስዎ ያዘዙት ሁለት ከመጀመሪያውም የሚሆን ነገር አልነበረም።

ያን ቀን ቀዩን ፕላስተር ኪሴ ከትቼ አስራ ሁለቱንም መክፈት የጀመርኩት ለእርስዎ የተሻለውን ልመርጥ ነው፣ ይህን አልደብቅዎትም። ሞኝ ነኝ። ደብዳቤዎ አንጀቴን አሳርሮት እያለ እንኳ አንገቱ ቀጥ ያለ፣ እንጨቱ ያልከበደ፣ ትከሻዎን የማያሳምምዎትን እየፈለግሁ ነበር። አስራ አንዱን አየሁ። አስራ ሁለተኛውን ሳወጣው የገለበጥኩት መሰለኝ። አዞርኩት። መልሼ አዞርኩት። የድምፅ ቁልፎቹ በማላውቀው በኩል ናቸው፣ ወፍራሙ ክር ያለው ቀጭኑ ክር በሚሆንበት በኩል ነው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ። ለግራ እጅ የተሰራ ይላል።

አባባ፣ እርስዎ ያሳደጉኝ እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ የለም ብለው ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤዝዎን በሰጡኝ ቁጥር እጄ በራሱ ገልብጦ ይይዘዋል፣ እርስዎ በራስዎ ገልብጠው ይመልሱታል። ሲሰለችዎ ግራ እጄን በቤዙ ማንጠልጠያ ከወገቤ ጋር አስረው፣ በቀኜ ብቻ ጣት ያልተጫነውን ባዶ ክር ያስመቱኝ ጀመር። በቀን ሁለት ሰዓት፣ አንድ ዓመት ሙሉ። ሳለቅስ የሚሉኝ ነገር ነበር፤ ጃፓኖች ሁሉን አስበው ይሰራሉ፣ ለግራኝ ካልሰሩ ለግራኝ አያስፈልግም ማለት ነው። እውነተኛው ምክንያት ግን የሆቴሉ መድረክ ነበር። መድረኩ ከመጥበቡ የተነሳ ባንዳችሁ የጊታሮቹን አንገት ሁሉ ወደ አንድ ጎን አሰልፎ ነው የሚቆመው። አንገቱ ወደዚያ ማዶ የዞረ አንድ ሰው ከገባ የሳክስፎኒስቱን ዐይን ያወጣል ይባል ነበር። እርስዎ ደግሞ ቦታዎን ለእኔ ማውረስ ፈልገዋል፣ ሰልፉ ሳይበላሽ።

በአስራ ስድስት ዓመቴ መድረክ ላይ አወጡኝ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ነው። የመጀመሪያው ዘፈን መሀል ላይ ቀኝ እጄ ዘገየብኝ፣ ከበሮው ጥሎኝ ሄደ፣ ልደርስበት ስሮጥ አለፍኩት። እርስዎ ከጎን መጥተው ቤዙን ከትከሻዬ አወረዱና ዘፈኑን ጨረሱት። ከዚያ ማይክራፎኑን ይዘው ይቺ ልጅ ምት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም አሉ። ሰዉ ሳቀ። እርስዎም ሳቁ። እስከ ዛሬ ድረስ የሰው ሳቅ ከኋላዬ ስሰማ ትከሻዬን እዳስሳለሁ።

ወንድሜ፣ ይህን የምታነብላቸው አንተ ከሆንክ ከዚህ በታች አንድ መስመር እንዳትዘል።

ያን ግራኝ ቤዝ ካየሁ በኋላ ስራ መስራት አልቻልኩም። ቢሮው መደርደሪያ ላይ የፋብሪካው የድሮ ካታሎጎች አሉ። እርስዎ ሳጥንዎ ውስጥ ያስቀመጡት ዓይነት፣ ያ ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ የዚያው ዓመት እትም እዚያ ተቀምጧል። በልጅነቴ ከእሱ ሌላ የሥዕል መጽሐፍ አልነበረኝምና ገጽ በገጽ በቃሌ አውቀዋለሁ። የእኛው ካታሎግ ከሃያ ሁለት ወደ ሃያ አምስት ይዘል ነበር። አሥር ዓመቴ ላይ ለምን ብዬ ስጠይቅዎ ከፋብሪካው እንዲሁ ነው የመጣው አሉኝ። አምኜዎት ነበር። መደርደሪያው ላይ ያለውን ከፈትኩት፣ ሃያ ሦስት አለ። ስድስት የግራኝ ቤዞች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፣ አንድ ሰደርያ የለበሰ ሰው አንዱን ይዞ አንገቱን ወደ ማዶ አዙሮ ይስቃል። ጀርባው ሃያ አራት ላይ ደግሞ ማዘዣ ቅጽ አለ።

ለእማዬ ደወልኩላት። ያንን ወረቀት አባቴ ነው ወይ የቀደደው ብዬ ጠየቅኋት። ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ዝም አለች። ከዚያ የቆየ ነገር ነው፣ አትቆፍሪው አለችኝ። አባትሽ እንዲህ አያደርግም አላለችኝም። እማዬን ያውቋታል፣ ለእርስዎ ጥብቅና ለመቆም አንድ ቀን ዘግይታ አታውቅም።

ባያውቁ ኖሮ ምንም አልልዎትም ነበር። የማያውቅ ሰው ልጁን በዶለዶመ መቀስ ፀጉሯን ቢቆርጣት ምን ይባላል። እርስዎ ግን አዩት፣ አነበቡት፣ ልጅዎ በጎረቤት ክፍል ታስራ ባዶ ክር ስትመታ እየሰሙ ቀደዱት። ከዚያም ምት የላትም ብለው በሰው ፊት አሳቁብኝ። ይህን ሁሉ ለአንድ ሳክስፎኒስት ዐይን ብለው ነው? ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፍልዎ፣ ደግሞም እንዲበርድልኝ አልፈልግም።

በምሳ ሰዓት ሰዉ ሲወጣ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩና ግራኙን ቤዝ ታቀፍኩት። የቀኝ እጄ ጣቶች ክሩን ተጭነው መያዝ አያውቁም፣ የሌላ ሰው ጣት ሆነውብኛል። ግራ እጄ ግን ማንም ሳያስተምረው መምታት ጀመረ። ሁለት ድምፅ ብቻ እየቀያየርኩ፣ ቀስ ብዬ፣ የምሳው ሰዓት እስኪያልቅ መታሁ። አንድ ጊዜ እንኳ አልዘገየም፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልቀደመም። ምት ነበረኝ፣ አባባ። ከመጀመሪያውም ነበረኝ። በአርባ አንድ ዓመቴ መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ዕቃ ማንሻውን የሚነዳው ባልደረባዬ ከደጅ ሲመለስ አይቶኝ ሞተሩን አጠፋና ወጣ።

ቀዩን ፕላስተር ለጠፍኩበት። ጸጥታ መጥቶ ለአባትሽ አልነበረም ወይ አለኝ፣ ለእኔ ነው አልኩት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ በሙሉ ልቤ ነው የምነግርዎ። ባልደረቦቼ የእርስዎን ነገር ሰምተው አዘኑልኝ፤ ሦስቱ መብታቸውን ሊሰጡኝ መጡ፣ ጸጥታ ራሱ በዚያ ጩኸቱ የእኔን ውሰጂ አለኝ። አራት ጊዜ ለእርስዎ ቤዝ መግዛት እችል ነበር። አራት ጊዜ አልፈልግም አልኩ። ሐሙስ ዕለት አስራ አንደኛውን፣ አንገቱ ከሁሉም የቀናውን፣ በእጄ አሽጌ መኪናው ላይ ጫንኩት። አሁን የት አገር እንደደረሰ አላውቅም፣ ከየትም ቢፈልጉ ከእንግዲህ አያገኙትም።

ስለዚህ ቤዝ አይመጣልዎትም። ለጓደኞችዎ ምን እንደሚሏቸው እርስዎ ያውቃሉ፣ ለዚህ አንደበት አያጡም። ምዬላቸዋለሁ ያሉት እርስዎ ነዎት፣ ፊታቸው ቆመው አጣሁ ይበሏቸው። የገጽ ሃያ ሦስትን ቅጂ ፖስታው ውስጥ ከትቼልዎታለሁ፣ ዐይንዎ ድኖ ከሆነ ራስዎ ይዩት።

አክስቴን ሰላም በሉልኝ፣ የላክሁላት ሹራብ ደርሷት ከሆነ ይሞቃታል ወይ ብላችሁ ጠይቁልኝ። ወንድሜ፣ ታክሲውን ቀስ ብለህ ንዳ፣ እኔ እዚህ ሆኜ የምሰጋው ላንተ ነው። አንተ ላይ ቅሬታ የለኝም። እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሙልኝ። ስልክ ላይ ዝም ስላለችኝ እንዳልተቀየምኳት ንገሯት፣ ዝምታዋ ከእናንተ ሁሉ ወሬ የበለጠ ነግሮኛል። አባባ፣ ባንድዎ የሚጫወት ቀን ከእሷ አጠገብ ወንበር ይያዙ። እርስዎ መድረክ ላይ ሲሆኑ ያን ሁሉ ዓመት ብቻዋን ነው የተቀመጠችው።

ለእርስዎ የቀረኝ እውነቱን መናገር ነው። ይቅር አላልኩዎትም። ራሴን ስለማውቅ ግን እፈራለሁ፤ አንድ ቀን ሆዴ ይራራና ይቅር እላለሁ፣ ያን ጊዜ ይህን ሁሉ ልነግርዎ አፍሬ እተወዋለሁ። ቸኩዬ የጻፍኩልዎ ያ ቀን ሳይመጣ ብዬ ነው።

ልጅዎ

ከመጋዘኑ ፊት ለፊት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ካለችው ክፍሌ፣
እሁድ ከቀትር በኋላ፣ ኅዳር 18 ቀን