በማኅበራችን ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለው የባሩድ ልክ

ለክቡር አቶ ቨርደል ሃስኬት፣
የዊሎ ፎርክ ጠመንጃ ማኅበር ሊቀመንበር፣
ሞንታና

ክቡር ሆይ፤

ጤናዎን ከመጠየቄ በፊት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልተናገርሁትን ጥፋት ልናዘዝ። በማኅበራችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የባሩድ ልክ ሰንጠረዥ፣ ኤልክ ለተባለው ትልቅ አጋዘን አደን ከምንይዘው ትልቁ ጥይት አንጻር የተጻፈው ከፍተኛ ልክ የእኔ ግምት ነው። ማንም አልተኮሰውም። እኔም አልተኮስሁትም።

አሁን ወደ ሰላምታው ልመለስ። እንደምን ሰንብተዋል? ሁለቱም ዓይኖችዎ እንደ ድሮው አጥርተው እንደሚያዩ ሰምቼ ፈጣሪን አመስግኛለሁ፤ ሁሉም አባል እንዲህ አልታደለምና።

ይህን በጋዜጣ የሚያነቡት ጎረቤቶቻችን ሁሉ በቤታቸው ጥይት የሚሞሉ ስላልሆኑ ትንሽ ላስረዳ። እኛ የተተኮሰ ቀለህ አንጥልም፤ አጽድተን፣ አዲስ መቀጣጠያ፣ ባሩድና አረር አስገብተን መልሰን እንተኩሰዋለን። የባሩዱ ልክ ግን በምኞት አይገኝም። ከታች ተጀምሮ፣ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ፣ በየእርከኑ እየተተኮሰና ቀለሁ እየተመረመረ ነው የሚታወቀው። ልኩ ካለፈ ጠመንጃው በጌታው ላይ ይዞራል።

በዚያ ዓመት ከታች ጀምሬ ስወጣ በረዶ ጣለና አቆምሁ። የቀሩትን ሦስት እርከኖች በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በእስክሪብቶ ወጣኋቸው። ድፍን ቁጥር ግምት ይመስላል ብዬም ከነጥብ በኋላ ሰባት ጨመርሁበት። ባለቤቴ ማርጊት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሳህን እያጠበች በትከሻዬ ላይ አየችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ተኩሰኸዋል?» አለችኝ።

«መተኮስ ምን ያደርጋል? መንገዱ ይታወቃል» አልኋት።

«እንግዲያው መንገዱን ጻፍ። ያልደረስክበትን አገር ምን አስጻፈህ?»

አዋቂ መባል አምሮኝ ነበርና ካርዱን በሌላ ወረቀት ገልብጬ ለእርስዎ ሰጠሁ። ጥፋቴ ይህ ነው። የቀረውን ምስጋና ለባለቤቱ ለእርስዎ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በሰንጠረዡ ራስ ላይ «በቴክኒክ ኮሚቴ ተፈትኖ የጸደቀ» ብለው ስለጻፉበት ከልብ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው እርስዎና የጽሕፈት መኪናዎ ብቻ እንደነበራችሁ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ያም ሆኖ መኪናዋ ቢያንስ ድምፅ አሰምታለች።

ሁለተኛ፤ ማርጊት ካረፈች በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ ጥይት አልሞላሁም። ባለፈው በጋ ልጀምር ብዬ እንደ አስተዋይ ሽማግሌ የታመነ ልክ ፍለጋ ወጣሁ። የድሮውን ቁጥሬንም፣ ሰንጠረዡ ላይ ያለው እሱ መሆኑንም ረስቼ ነበር። መጀመሪያ የእርስዎን ሰንጠረዥ አየሁ። ቀጥዬ የጠመንጃ መደብር ያለውን ክሌምን ብጠይቀው ያንኑ ነገረኝ። የባሩድ ፋብሪካው መጽሐፍ እኮ ከዚህ ዝቅ ብሎ ነው የሚያቆመው ብዬ ብነግረው ሳቀብኝ፤ «እሱን የጻፉት ጠበቆች ናቸው፣ ኦርቪል! አገሩ ሁሉ የሚሞላው ይሄን ነው፣ ዓይንህን ጨፍነህ ሙላ።» ኢንተርኔት ላይም አንድ የማላውቀው የአይዳሆ ሰው ከነጥቡ ከነሰባቱ ጽፎታል። ነገር በሦስት ምስክር ይጸናል ተብዬ ስላደግሁ ልቤ ዐረፈ።

ሦስተኛ፤ በመስከረም ወዳጄ ሮስኮ ቢም በዚያው ልክ የሞላውን ጥይት በተኩስ ሜዳችን ተኮሰ፤ የጠመንጃው መዝጊያ ተሰነጠቀና ግራ ዓይኑን አጠፋው። ከዚያ በኋላ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ አርባ ሰው እየሰማ እርስዎ የተናገሩትን አልረሳሁም፤ «ሮስኮ ድሮም የባሩድ ሚዛኑ ፊት ወሬ ያበዛል፤ አንዱን ቀለህ ሁለቴ ሞልቶት ነው።» ሰው ሳቀ። ሮስኮም ፋሻውን እንደታሰረ «ሊሆን ይችላል» አለ። ከዚያ ወዲህ የጥይት መሙያውን ሸጦ፣ የገዛ እጁን ማመን ትቶ፣ ምድጃውን ማጥፋቱን እንኳ ሦስት ጊዜ ተመልሶ የሚያይ ሰው ሆኗል። ስለ ማብራሪያዎ ግልጽነት እናመሰግናለን።

በዚያው ሰሞን ለእሱ ኬክ ልጋግርለት ብዬ የማርጊትን የምግብ አሠራር ካርዶች ሳገላብጥ፣ ሩባርብ ከሚባለው ኮምጣጣ ተክል ከሚሠራው ኬክ ካርድ ኋላ የገዛ የባሩድ ካርዴን አገኘሁ። ከቁጥሩ ሥር በእርሳስ፣ በእጇ፣ «አልተተኮሰም» ብላበታለች። ለካስ ሦስቱም ምስክሮች የተናገሩት በአንድ አፍ ነው፤ አፉም የእኔ ነው። በዕድሜዬ ካነበብሁት የባሩድ መረጃ ሁሉ የታመነው ይህ አንድ ቃል ነው።

አራተኛ፤ ካርዱን ይዤ ቤትዎ የመጣሁት አብረን ወደ ሮስኮ እንሄዳለን ብዬ ነበር። እርስዎ ግን እጅዎን ትከሻዬ ላይ ጥለው፣ «ኦርቪል፣ ሰውዬው ጥፋቱን አምኖ አርፎ ተቀምጧል፤ አንተን ምን አንጨረጨረህ? ሰንጠረዡን እኔ በጸጥታ አነሣዋለሁ» አሉኝ። አመንሁዎት። የማርጊትን ሬሣ ሣጥን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱን ካላመንሁ ማንን ላምን? እውነቱን ለመናገር ግን ቃልዎ ለእኔም ተመችቶኛል፤ የበረዶውን ክረምት ሙሉ እየጸለይሁ ዝም አልሁ፤ ዝምታዬንም ትዕግሥት አልሁት።

በሚያዝያ ወደ ማኅበሩ ብገባ ሰንጠረዡ በእርግጥ ተነሥቷል። በቦታው ባለ ቀለም፣ በላስቲክ የተለበጠ፣ አዲስ ተሰቅሏል፤ ቁጥሩ ያው፣ ከነጥብ በኋላ ያለው ሰባትም ያው፤ ራሱ ላይ «እንደገና ተፈትኖ የጸደቀ» ይላል። ክቡር ሆይ፣ እኔ አንድ ጊዜ የዋሸሁት ሰው እንደሚጎዳ ሳላውቅ ነው፤ እርስዎ አውቀው ደገሙት። ላስቲክ ስለጨመሩበት ግን አመሰግናለሁ፤ ደም ቢነካው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

ዕድሜና ጤና፣ ከሁሉም በላይ እኔም ዘንድ ዘግይቶ የመጣውን የሕሊና እንቅልፍ ማጣት እየተመኘሁልዎ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣

የማኅበሩ አባል ቁጥር ሠላሳ አንድ፣
ኦርቪል ስቴንሩድ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ከጋዜጣ አስቀድሞ መስማት ያለበት ሮስኮ ነውና ትናንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ ሄድሁ። ደጁ ላይ ባርኔጣዬን አውልቄ ሁሉንም ነገርሁት፤ የእርስዎንም፣ የእኔንም። እስክጨርስ ሰማኝ። በመጨረሻ፣ «ክረምቱን ሙሉ ሾርባ የምታመላልስልኝ ለዚህ ነበር?» አለኝ።

«ለዚህም ነበር» አልሁት።

«ጨው ታበዛለህ።»

ይቅር ይበለኝ አይበለኝ ገና አላውቅም፤ እሱ የእኔና የእሱ ነው። ለእርስዎ የሚሆነው ይህ ብቻ ነው፤ ሁለቴ እንዳልሞላ፣ እጁ እንዳልሳተ፣ በደህናው ዓይኑ ዓይኔን እያየ በገዛ አፌ ነገርሁት።