ሳይነካ የተመለሰው ምሳ ዕቃ

ለተከበሩ የወህኒ ቤቱ አስተዳዳሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ ይጠበቅ፣ እንቅልፍዎም የሰላም ይሁን እያልኩ፣ እኔ የሞት ፍርደኛው የአቶ መዝገቡ ሚስት ከጎፋ እጅ እነሳለሁ። ስለ ፍርዱ ልከራከርዎ አይደለም፤ ከበላይ ፊርማ ሳያገኝ አይፈጸምም ተብለን ይኸው አራት ዓመት ስንጠብቅ ኖረናል። የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው።

አንደኛ፣ ባለፈው ኅዳር ለባሌ ያደረስኩት ምሳ ዕቃ ሳይነካ፣ ያለ አንዳች ቃል ስለተመለሰልኝ አመሰግናለሁ። ስንቅ እንዲህ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ በደርግ ጊዜ ወንድሟን ያጣች ሁሉ ታውቃለችና፣ እዚያው በርዎ ላይ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ጮህኩ። የዕድራችን ሊቀመንበር አቶ ሞልቱ ድንኳን አስተከሉ፣ ጎረቤት ንፍሮ ቀቀለ፣ እኔም ፀጉሬን ተላጨሁ። በሦስተኛው ቀን ግን መዝገቡ ተቅማጥ ይዞት የእስር ቤቱ ክሊኒክ ተኝቶ እንደሰነበተ ተሰማ። ባሌን በሦስተኛው ቀን ስላስነሡልኝ ደግሜ አመሰግናለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት የሰማሁት ስለ አንድ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ጥቁር ልብሴን ባወልቀው ነገ መልሼ ልለብሰው እችላለሁ፤ ባላወልቀው ደግሞ በየእሑዱ ከሽቦው ማዶ መዝገቡ ያየኛል፤ በቁሙ እንዳለቀስኩለት እያየ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። አቶ ሞልቱም ዕድሩ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ድንኳን እንደማይተክል በትሕትና ነግረውኛል።

ሦስተኛ፣ ጎረቤቴ መምህር ሕዝቅኤል አንብበው እንደነገሩኝ፣ አንዱ አገር በገመድ፣ ሌላው በጥይት፣ ሌላው በኤሌክትሪክ ወንበር ይገድላል አሉ፤ ቀኑን ነግሮ ምን መብላት እንዳማረው የሚጠይቅም አለ። እርስዎ ግን ገመድም ጥይትም ሳያባክኑ፣ አንድ የተፈረደበትንና አንዲት ያልተፈረደባትን በማስጠበቅ ብቻ እየጨረሱ ነውና፣ ሌሎች አገሮች መጥተው ከእርስዎ ቢማሩ አይቆጫቸውም።

ደክሞኛል፣ ክቡር ሆይ። ፈርቻለሁም። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ምሳ ዕቃው ሲመለስ፣ ታሞ እንደሆነ ወይም ሞቶ እንደሆነ የምትነግር ብጣሽ ወረቀት ይጣሉበት።

ወሰን የሌለው ምስጋናዬን ከደጅዎ እያኖርኩ፣ ለማልቀስም ሆነ እንባዬን ለመጥረግ ፈቃድዎን በትዕግሥት የምጠባበቅ፣

ሙሉመቤት ወጋየሁ
የመዝገቡ ሚስት፣ ወይም ባሏ የሞተባት፤ እርስዎ እንደፈቀዱ
ጥር ፲፱፻፹፱ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤው ለሕዝብ እንዲታተምልኝ ወደ ጋዜጣ ቤት ከመውሰዴ በፊት እንደ ልማዴ ስንቅ አድርሼ ነበር። ምሳ ዕቃው ዛሬም ሳይነካ ተመለሰ፤ ዘበኛውም ምንም አላለኝ። አሁን አልጮህኩም። በርዎ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጬ፣ ምሳ ዕቃውን ጭኔ ላይ አድርጌ ይህን እጨምራለሁ። ሽሮው ገና አልቀዘቀዘም፤ ነገም ልሥራ ወይስ ይብቃኝ?