ለወይዘሮ ሃራዳ ማጎንበሴን በተመለከተ

ለተከበራችሁ የጉባኤያችን የሽማግሌዎች ምክር ቤት፣ በተለይም ለሰብሳቢው ለጋሼ ታደገ፤
ካልጋሪ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነታችሁን፣ ይልቁንም የወገባችሁን ደኅንነት እጠይቃለሁ፤ ለማንም ሳያጎነብስ እዚህ ዕድሜ የደረሰ ወገብ ጥንቃቄ ይገባዋልና። እኔ ከመዘምራን ቡድን ያገዳችሁኝ፣ በአሥራ አራት ቀን ውስጥም የንስሐ ደብዳቤ እንዳቀርብ ያዘዛችሁኝ ምሥራች ነኝ። ደብዳቤው ይኸው። ጉዳዬን አገር ምድሩ ስለሚያወራው በግልጽ ብጽፈው ቅር እንደማትሰኙ አምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጥሪያችሁ አመሰግናለሁ። ስካይቪው ራንች ሰፈር፣ እኅት ይርጋለም ቤት በተደረገው የእኅቶች ኅብረት ላይ "ጃፓን እንዴት ነበር?" ተብዬ አምስት ዓመት የሠራሁበትን አገር፣ እዚያ ለቅሶ መድረሴን ጭምር፣ አጫወትኳቸው፤ በሦስተኛው ሳምንት አምስት ሽማግሌዎች ፊት ተቀመጥኩ። ጃፓን ሳለሁ ፖሊስ እንኳ ይህን ያህል ሰው አሰባስቦ አላነጋገረኝም።

ጋሼ ታደገ፣ እርስዎ የጠየቁኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

"ሰግደሻል ወይስ አልሰገድሽም?"

"ጎንበስ ብያለሁ፣ ጋሼ።"

"ስንት ጊዜ?"

በዕለቱ ያልመለስኩት ቆጥሬ ስለማልጨርስ ነው። የታሸገ ምሳ የሚያዘጋጅ ፋብሪካ ውስጥ ነበር የምሠራው። ጠዋት ስገባ ለሠራተኛው ሁሉ፣ ሺፍት ስቀይር ለተተኪዬ፣ ካሮት ሲወድቅብኝ ለአለቃዬ ጎንበስ ብያለሁ፤ በሰዓቱ ደርሼ ሳለ አሥር ደቂቃ ስላልቀደምኩ ይቅርታ ጠይቄ ጎንበስ ብያለሁ፤ በስልክ ሳወራ እንኳ ለማያየኝ ሰው ጎንበስ ብያለሁ። ንስሐው ከየትኛው እንደሚጀምር ምክር ቤቱ ቢወስንልኝ ደስታዬ ነው።

ሁለተኛ፣ በቃለ ጉባኤያችሁ "አንዲት ጣዖት አምላኪ" ያላችኋቸው ሴት ስም አላቸው። ወይዘሮ ሃራዳ ይባላሉ፤ የፋብሪካ አለቃዬ ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ቆሻሻ በተሳሳተ ቀን ስላወጣሁ ጎረቤቶቼ ከረጢቱን ደጄ ላይ መልሰው አስቀመጡት፤ በሐፍረት ሥራ ቦታ አለቀስኩ። በማግስቱ ወይዘሮ ሃራዳ ሥዕል ሥለው አመጡልኝ፤ ሰኞ የሚቃጠል፣ ረቡዕ ጠርሙስ፣ ዓርብ ፕላስቲክ። መልአክ ነበሩ አልልም። ጫማዬን ሳላወልቅ ቤታቸው የገባሁ ቀን አንድ ቃል ሳይናገሩ ተንበርክከው ወለሉን ወለወሉት፤ ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። ታምሜ ሦስት ቀን ስቀር ግን በየቀኑ ቀጠን ያለ የሩዝ ገንፎ የቤቴ በር እጀታ ላይ አንጠልጥለው፣ ደወል ሳይጫኑ ይሄዱ ነበር። ስለ ኢየሱስም ነግሬያቸዋለሁ። "ደግ ሰው ይመስላል" አሉኝ፤ ከዚያ ሁለታችንም ወደ ካሮታችን ተመለስን።

ሦስተኛ፣ ለቅሶው። ወይዘሮ ሃራዳ በድንገት ሞቱ፤ ልጃቸው ደውላ ነገረችኝ። የስንብቱ አዳራሽ በሰው ሞልቷል፣ ድምፅ ግን የለም። ሰው ሁሉ በየተራው ፎቶግራፋቸው ፊት ቀርቦ ዕጣን ቆንጥሮ ፍሙ ላይ ያደርጋል፤ ጎንበስ ብሎ ይመለሳል። ተራዬ ሲደርስ ቆነጠርኩ፤ ጎንበስ አልኩ። ቀና ማለት ግን አቃተኝ። "እናቴ! ወይኔ እናቴ!" ብዬ ባገሬ ደንብ ጮኼ አለቀስኩ። አዳራሹ በሙሉ ዞረ። አሁን ያስወጡኛል ስል ልጃቸው መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። "ከትናንት ጀምሮ እንባ እምቢ ብሎኝ ነበር" አለችና አብራኝ አለቀሰች።

ይህን ስነግራችሁ ከመካከላችሁ አቶ ሙሉጌታ ዓይናቸውን ወደ ምንጣፉ ሰበሩ። እርስዎ ግን፣ ጋሼ ታደገ፣ "ዕጣኑን በየትኛው እጅሽ ነው የያዝሽው?" አሉኝ። በቀኜ ነው። ይመዝገብልኝ።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ አልቻልኩም። ከታገድኩ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። እሑድ እሑድ ከቤቴ ከዋይትሆርን ተነሥቼ ከጉባኤው አዳራሽ ጀርባ ፓርክ አደርጋለሁ፤ መዝሙሩ በግድግዳው አልፎ ሲሰማኝ ሞተር አስነሥቼ እሸሻለሁ፤ ሜሞሪያል ድራይቭን ይዤ አቢዴል ድረስ እነዳለሁ፤ ከዚያ ተመልሼ እዚያው ቆሜ ራሴን አገኘዋለሁ። ባለፈው እሑድ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው የእኔ ድምፅ የሚገባበት ቦታ ላይ ማንም ሳይገባ ዝም ብሎ ሲያልፍ ሰማሁ። መስኮቴን ዘግቼ መኪናው ውስጥ ብቻዬን ዘመርኩት።

ስለዚህ ውሳኔዬን በአክብሮት አሳውቃለሁ። ንስሐ የምገባበት ኃጢአት ሞልቶኛል፤ ለወይዘሮ ሃራዳ ማጎንበሴ ግን ከእነርሱ አንዱ አይደለም። በመጪው እሑድ እመጣለሁ። መድረኩን አልጠጋም፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እዘምራለሁ። ይህም ከተከለከለ አምስታችሁም ተነሥታችሁ በሕዝቡ ፊት እጄን ይዛችሁ አስወጡኝ።

የጥያቄያችሁን ጥልቀትና የቃለ ጉባኤያችሁን ጥራት እያደነቅሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሳታስፈቅድ የምትዘምር እኅታችሁ፣

ምሥራች

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ጥር እናቴ ደሴ ላይ ስታርፍ፣ ሽማግሌዎች ሊያጽናኑኝ ቤቴ እንደሚመጡ በመድረክ ተነግሮ ነበር። ሰባት ቀን ወንበር ደርድሬ ጠበቅኋችሁ። ከባቡር ጣቢያው በእግር አምስት ደቂቃ ነው፤ አድራሻዬም አልተቀየረም።