ስድስት ያጠባ ጡት

ሰቆጣ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9

ለማንም ያልነገርኩት እፍረት አለብኝ። ዓምና በምጽፍበት መጽሔት ላይ፣ የጡት ካንሰር በብዛት የሚይዘው የደላቸውን፣ ዘግይተው የሚወልዱትን የከተማ ሴቶች ነው ብዬ ጽፌ ነበር።

ዛሬ አክስቴ ብርቄ ከሰቆጣ ወዲያ ቆላው ውስጥ ካለው ዝቋላ ወረዳ መጥተው ጡታቸው ላይ ያለውን እብጠት አሳዩኝ።

«መቼ ጀመረዎት?»

«ዓምና ነው። ልጄ ያንቺን ጽሑፍ ስታነብልኝ፣ እኔ ስድስት አጥብቻለሁ፤ የሀብታም በሽታ ያን ሁሉ ገደል ወርዶ ዝቋላ አይመጣም ብዬ ተውኩት» አሉና ሳቁ።

ውሸት አልጻፍኩም። ድሃዋም እንደምትታመም፣ ሐኪም ጋ እስክትደርስም እንደሚረፍድባት ግን ሳልጽፍ ቀረሁ። ይህን ፊታቸው ላይ መናገር አቃተኝ፤ ደክሞኛል።

ሐሙስ ሆስፒታል አብሬያቸው እገባለሁ። ሐኪሙ የሚለውን፣ እኔም በመጨረሻ የምነግራቸውን፣ ያኔ እዚህ አሰፍረዋለሁ።