ለልጅህ የመረጥኳት ብስክሌት

ውድ ልጄ፣

መጀመሪያ ጤንነትህን መጠየቅ ነበረብኝ። ግን እግርህን እያየ እንዳላየ ሃያ ሁለት ዓመት ዝም ያለ ሰው ዛሬ ተነስቶ «እንደምን አለህ» ቢልህ ምን ትለዋለህ? ስለዚህ ዘልዬዋለሁ። ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር «ይንገሩኝና እኔ ልጻፍልዎት» ብሎኝ ነበር፤ እንቢ አልኩት። እናትህ በሕይወት እያለች ደብዳቤ የእሷ ሥራ ነበር፣ እኔ ከታች ስሜን ብቻ ነበር የማኖረው። ይህን ግን በሌላ ሰው እጅ ላስጽፈው አልፈለግኩም። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሳትጨርሰው አትቅደደው፤ ከጨረስክ በኋላ እንደፈለግክ።

ነገሩን ያስነሳችው ልጅህ ናት። አትቆጣት። ባለፈው ወር ደወለችልኝ።

«አባባ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ የፈለግሽውን እገዛልሻለሁ ብለኸኝ አልነበር?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው ብስክሌት። እንደ ተወዳዳሪዎቹ ብስክሌት ፈጣን የሆነች፣ ግን ከኋላ ዕቃ መጫኛ የሚገጠምላት። ጠዋት ጠዋት ከፋርማሲው መድኃኒት ቤት ለቤት አደርሳለሁ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ኮሌጅ።»

«አባትሽስ?» አልኳት።

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አባዬ ብስክሌት የሚባል ነገር ሲነሳ አይወድም። ‹እኔ እብድ ነበርኩ፣ ፍጥነት አስክሮኝ ራሴን በገዛ እጄ ነው የሰበርኩት፣ አንቺም የእኔው ደም ነሽ› ይለኛል። ስለዚህ አንነግረውም፣ እሺ አባባ?»

እሺ አልኳት። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ግን «ራሴን በገዛ እጄ» ያልከውን ደጋግሜ አሰብኩት። እኔኮ እስከ ዛሬ በልብህ የምትረግመኝ ነበር የመሰለኝ። ለእናትህ ቀብር መጥተህ እንደ ባዳ ጨብጠኸኝ ስትመለስ፣ «እውነቱን ያውቃል፣ ለእናቱ ብሎ ነው ዝም ያለው» ብዬ ነበር። ለካ አታውቅም። ለካ እኔ ያልኩትን አምነህ ራስህን ስትወቅስ ኖረሃል።

እንደዚያም ሆኖ ብስክሌት መረጣ ሄድኩ። የምትሸጠውም የምትጠግነውም አንዲት ሴት ናት፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ምላሷ ደግሞ ስለት ነው።

«ለማን ነው አባባ?»

«ለልጅ ልጄ። ፈጣን እንድትሆን ትፈልጋለች፣ ዕቃም እንድትጭን።»

«ሁለቱንም? ምርጫ ታውቃለች ማለት ነው!»

ግድግዳው ላይ አንዲት ቀጭን ቀይ ብስክሌት ተሰቅላለች። ያንተን ትመስላለች። አውርጂልኝ ብዬ በሁለት ጣት አነሳኋት። «ይቺ ትሁን። መጫኛውን እኔው አስርባታለሁ» አልኳት።

«ይቺ የመጫኛ ቀዳዳ የላትም። በምን ያስሩባታል?»

«በብሎን በሚጠብቅ ማቀፊያ ብረት ነዋ! አርባ ዓመት ቧንቧ ያሰርኩ ሰው እኮ ነኝ።»

መፍቻዋን አስቀመጠችው። «ቧንቧማ ወፍራም ነው አባባ፣ የፈለጉትን ያህል ቢያጠብቁት ይችላል። ይሄ እንደ እንቁላል ቅርፊት ነው። ጨምቀው ካሰሩት ይሰረጉዳል፣ ከሰረጎደ ደግሞ አለቀለት። በዚያው ቀን ቢሰበርማ ምን ነበረበት! ሰው ምንም ሳይጠረጥር ይነዳዋል፤ ከሁለት፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጭነት ይዞ አንዲት ጉድጓድ ሲያገኝ ነው የሚለቀው።»

«ሲሰረጉድ ድምፅ ይሰጣል?» አልኳት።

«አንዳንዴ ጠቅ ይላል።»

ጎማ ተደርድሮ ነበር፣ እሱ ላይ ተቀመጥኩ። «ውሃ ላምጣልዎት?» አለችኝ። «ውሃውን ተይውና ሱቅሽ ለምን እንደዚህ ይሞቃል?» ብዬ ጮህኩባት። «አባባ፣ ከእኔ ጋር ነው ወይስ ከሙቀቱ ጋር ሊጣሉ የመጡት?» አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ልጄ፣ ጠቅ ሲል ሰምቻለሁ።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመትህ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የሴራሚክ ሳጥን ተሸክመህ ባጠራቀምከው ነው የገዛሃት። ግቢ ይዘሃት ስትገባ ምን እንዳልኩህ ታስታውስ ይሆናል። «ዕቃ የማትጭን ብስክሌት ምን ታደርጋለች? ሙሽራ ናት እንዴ ቆማ የምትታይ?» አልኩህ። «አባዬ፣ ይቺ ለጭነት አልተሠራችም» አልክ። «በእኔ ቤት የማይጭን የለም!» አልኩ። አንድ ጠዋት ገላህን ስትታጠብ ጠብቄ፣ መጫኛውን በሁለት የቧንቧ ማቀፊያ ከኮርቻዋ ሥር ባሉት ቀጫጭን ብረቶች ላይ አሰርኩት። መፍቻው አላጠብቅ ሲለኝ እጀታው ላይ ቧንቧ ሰክቼ አስረዘምኩት። ለውሃ እንደማስረው ነው ያሰርኩት፣ ጠብታ እንዳያሾልክ። ያኔ ነው ጠቅ ያለው። ቀለሙም ተላጠ። ብሎኑ ቦታውን ያዘ ብዬ፣ የተላጠውን በጥቁር ፕላስተር ጠቀለልኩት።

ፀጉርህ እንደራሰ ወጥተህ አየሃት። ፕላስተሩን በጣትህ ዳበስከው። «አይ አባዬ» ነበር ያልከው። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ የእኔን ቧንቧና መገጣጠሚያ ስታመላልስባት ከረምክ።

የወደቅክ ቀን እኔ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ የውሃ ታንከር እገጥም ነበር። የናስ ቧንቧ መክፈቻ አለቀብኝና አንድ ሳጥን እንድታመጣልኝ ደወልኩ። የጫንከው ያንን ነው። ለእሽቅድምድም አልነበረም የወጣኸው፣ ለእኔ ነው።

ሆስፒታል ጭንህ ተሰብሮ፣ ራስህ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ በማደንዘዣው መሐል «አባዬ፣ ከኋላዬ አንድ ነገር ለቀቀ» አልከኝ። «ሰበብ አትፈልግ!» አልኩህ። እናትህና አክስትህ ፊት «ፍጥነት ነው! ስንቴ ነገርኩት!» ብዬ ጮህኩ። ከሦስት ቀን በኋላ ሙሉ በሙሉ ስትነቃ ከዚያ ቀን ምንም አታስታውስም ነበር፣ ያልከኝንም ጭምር። «ምን ሆኜ ነው የወደቅኩት?» ብለህ የጠየቅከው እኔን ነው። መልሱን የሰጠሁህም እኔ ነኝ።

ብስክሌቷ ግቢ ተጥላ ነበር። አየኋት። ሁለቱም ብረቶች የተሰበሩት ልክ ከማቀፊያው ሥር ነው፣ በቢላ የተቆረጡ ይመስል። «ሲወድቅ ነው የተሰበሩት፣ ከመውደቁ በፊት አይደለም» አልኩ ለራሴ። ግን እንደዚያ የሚያምን ሰው አይቸኩልም፤ እኔ አንተ ከሆስፒታል ሳትወጣ ለብረት ሰብሳቢው አስጫንኳት። እናትህ አንድ ቀን ብቻ «አንተ ሰውዬ፣ ያንን ብረት ምን አስቸኮለህ?» አለችኝ። ተነስቼ ወጣሁ። ደግማ አልጠየቀችኝም፤ እኔም እስክትሞት አልነገርኳትም። እግርህ በሁለት ጣት ስፋት ያህል አጥሮ ቀረ። ተቀምጠህ የምትሠራውን ሥራ፣ የሰዓት ጥገናን መረጥክ። እኔ ደግሞ ሰው ሲጠይቀኝ «ልጄ ጥበበኛ ነው፣ ሰዓት ይጠግናል» እያልኩ ኮራሁብህ። በራሴ ያፈርኩበትን ለማንም አልተናገርኩም።

ይኸውልህ፣ ይህን ሁሉ በዚያች ሴት ሱቅ ጎማ ላይ ተቀምጬ አሰብኩት። ስነሳ «ልጄ፣ አንቺ ምረጪልኝ» አልኳት። ለሰው እንደዚያ ብዬ አላውቅም።

ግራጫ ናት የመረጠችልኝ። መሪዋ እንደ ተወዳዳሪዎቹ ወደ ታች የታጠፈ ነው፣ ስትገፋት ትበራለች። ከኋላ ጎማዋ መሐል አጠገብ በግራና በቀኝ አንዳንድ ቀዳዳ አላት፣ ከኮርቻዋ ሥርም ሁለት፤ ሁሉም ፋብሪካ ላይ ጥርስ የወጣላቸው ናቸው፣ ብሎን ብቻ ነው የሚፈልጉት። የሚጨመቅ ነገር የለም። የኋላ ጎማዋ ትንሽ ወደ ኋላ ራቅ ያለ ስለሆነ ልጅቷ ስትረግጥ ተረከዟ ቦርሳውን አይነካም። ብረቷ ያንተዋን ያህል ቀጭን አይደለም፤ ጎማዋም ወፈር ይላል፣ ኮረኮንች ትችላለች። አንድ ሰዓት ሙሉ እንደ መርማሪ ጠየቅኳት፣ ሳይሰለቻት መለሰችልኝ።

«መጫኛውን አሁን ልግጠምልዎት?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አይ፣ የልጅቷ አባት ይገጥመዋል።»

«ሙያው ነው?»

«እጁ ቀላል ነው። የት ድረስ እንደሚጠበቅ ያውቃል።»

አሁን ብስክሌቷ ክፍሌ ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። መጫኛው ከነወረቀቱ ነው፣ አልነካሁትም። ለልጅህም አልላክሁላትም። አንድ ጊዜ ካንተ ተደብቄ ብስክሌት ላይ እጄን አሳርፌያለሁ፣ ሁለተኛ አላደርገውም። ይሁን ካልክ መጥተህ አንተው ትገጥምላታለህ። አይሆንም ካልክ ሴትየዋ እስከ ወሩ መጨረሻ ብስክሌቷን ተቀብላ ገንዘቤን ትመልስልኛለች፣ ተነጋግረናል። አንተ የፈለግከውን ብትወስን፣ አያቷ ምን እንዳደረገ ለልጅህ እኔው በአፌ እነግራታለሁ። ካንተ በፊት ግን ማንም እንዲሰማው አልፈለግኩም።

ይቅር በለኝ ብዬ አልጽፍልህም። ግትርነቴ እንዳይመስልህ። ከጠየቅኩህ መልስ መስጠት ግዴታ ይሆንብሃል፣ ከእንግዲህ ምንም ልጭንብህ አልፈልግም።

ግን አንድ የቀረኝ አለ፣ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው። ስትወድቅ እንዳላየሁ፣ ሰዎች ጠርተውኝ እንደደረስኩ ነው ሁሉም የሚያውቀው። ውሸት ነው። ከጣሪያው ላይ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወለል ብሎ ይታየኝ ነበር። ስትመጣ አይቼሃለሁ። ቁልቁለቱን ገና ስትጀምር ፍሬን ያዝክ። አንዲት ሸክም የያዘች ሴት ልትሻገር ፈርታ ቆማ ነበር፤ አቆምክላትና በእጅህ «እለፊ» አልካት። እስክትሻገር ጠበቅካት። እንደገና ስትነሳም አልረገጥክም፣ ፍሬንህን እንደያዝክ ቀስ እያልክ ነበር የምትወርደው። ያኔ ነው ብረቱ ከኋላህ ለቆ መንገድ ዳር ያለው የድንጋይ ቦይ ውስጥ የጣለህ።

አልፈጠንክም ልጄ። በደንብ ነበር የምትነዳው።

አባትህ