የቀደመ እሳት

ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.፣ ወረታ

ዛሬ የጋሽ ሞላን አሮጌ የጭነት መኪና ያዳንሁት እኔ ነኝ። ሞተሩ ሰንፎ ነበርና ካንዴላው እሳቱን ቀደም አድርጎ እንዲሰጥ እሳት አከፋፋዩን ዲስትሪቢውተር ጥቂት አዞርሁት። ገበያተኛው ገፍቶ ሲያስነሳልን እንደ ፎገራ ኮርማ አጓራ!

"አንተ፣ ጧት በማኖቬላው ብረት አዙሬ ሳስነሳው መልሶ እንዳይመታኝ" አሉኝ ጋሽ ሞላ።

"ምን ሲደረግ! የነካው እኮ ፊደል የቆጠረ እጅ ነው" አልኋቸው።

"እንግዲያ መኪናው ነገ ዳዊት ይደግማላ!" አለች ሸክላ ሻጯ ጥሩዬ። ሁሉም ሳቀ፤ አብልጬ የሳቅሁት እኔ።

ከእራት ወዲህ ግን መቀመጥ አቃተኝ። አብዝቼ አዙሬው ከሆነስ? እሳቱ ከልክ በላይ ከቀደመ ማኖቬላው ወደ ኋላ ተፈናጥሮ ክንድ ይሰብራል። ዛሬ በግፊት ስለተነሳ መብዛት አለመብዛቱ አልለየም። ልመልሰው ብል የቀድሞ ቦታውን ምልክት አላደረግሁበትም። ልናገር ብል ገበያው ሁሉ ፉከራዬን ሰምቷል። ጋሽ ሞላ ደግሞ ቤት ሙሉ ልጅ የሚያበሉት በዚያ ክንዳቸው ነው።

ነገ ቀድሜያቸው ማኖቬላውን እይዛለሁ። ሽማግሌ አከበረ ይበሉኝ። የምይዘው ግን በግራዬ ነው፤ መጻፍ የሚያውቀው ቀኜ ብቻ ነዋ።